ሞገድና ወንበር

አማርኛ በመማር ላይ ከሚገኙት አንባብያን መካከል አንድ ሹም ሰሞኑን እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፤ «በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ‹የምርጫ ማዕበል› የሚል ቃል አገኘሁ። ማዕበል የባሕር ነው፤ ምርጫ የሰው ነው፤ ሁለቱ እንዴት ተገናኙ? ደግሞስ እንዲህ ያለው ማዕበል የአንድን ምክር ቤት ሥልጣን ከአንዱ ወገን አንሥቶ ለሌላው ለመስጠት ይችላልን?» ጥያቄው ሁለት ነው፤ አንደኛው የቋንቋ፥ ሁለተኛው የመንግሥት አሠራር ጥያቄ ነው። እኛም በዚህ ሳምንት ዓምዳችን ሁለቱንም በየተራቸው እንመልሳለን።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። ሞገድና ማዕበል ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሞገድ ነፋስ ሲነካው ከፍና ዝቅ እያለ ወደ ዳር የሚመጣ ውኃ ነው። በጣና ዳር የሚኖር ሰው ሞገድን በየቀኑ ያየዋል፤ ታንኳውንም ከማውጣት አይከለክለውም። ማዕበል ግን ነፋሱ በርትቶ፥ ውኃው ተቈጥቶ፥ ታንኳን የሚገለብጥበት ጊዜ ነው። በምርጫም እንደዚሁ ነው። ከአንዱ ምርጫ እስከ ሌላው ጥቂት ወንበሮች ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፉ ይህ ሞገድ ነው፤ የተለመደ ነገር ስለ ሆነ ማንንም አያስደነግጥም። በአንድ ቀን፥ በአገሩ ሁሉ፥ ሕዝብ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ አያሌ ወንበሮች ባለቤት ቢለውጡ ግን ማዕበል ነው ለማለት እንደፍራለን።

ወንበር የሚለውም ቃል ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። በቤት ውስጥ ወንበር የሚቀመጡበት ዕቃ ነው። ዳኛ «ወንበር ዘረጋ» ሲባል ግን ዕቃውን ወደ ውጭ አወጣ ማለት አይደለም፤ ለመፍረድ ተቀመጠ ማለት ነው። እንደዚሁም በምክር ቤት «እገሌ ወንበሩን አጣ» ቢባል ሰውዬው መቀመጫ አጥቶ ቆመ ማለት ሳይሆን፥ ሕዝብ የሰጠውን ውክልና ሕዝብ መልሶ ወሰደበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውልልን። መልሳችን ባጭሩ «ይችላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ አይችልም» የሚል ነው። ይህንንም ለማስረዳት ከብዙ ትንተና ይልቅ አንድ የተደረገ ታሪክ ይሻላልና፥ በአሜሪካ የቨርጂኒያን ክፍለ ግዛት እንውሰድ። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን በሚባሉት በሰሜናዊ ቨርጂኒያ ሥፍራዎች ብዙ የኢትዮጵያ ተወላጆች ስለሚኖሩ፥ ከአንባብያን መካከል ዘመድ ያላቸው ይኖሩ ይሆናል።

ቨርጂኒያ በአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ሕዝብ የመረጣቸው እንደራሴዎች አስቀድመው የተሰበሰቡባት ምድር ናት፤ የመጀመሪያው ጉባኤ በጄምስታውን የተደረገው በ1619 ነበር። ዛሬ ጉባኤው የሚቀመጠው በዋና ከተማዋ በሪችመንድ ነው። ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። አንደኛው 100 እንደራሴዎች ያሉበት ሲሆን ሁሉም በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ፤ ይህንን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንበለው። ሁለተኛው 40 አባላት አሉት፤ የሚመረጡትም በየአራት ዓመቱ ነው፤ ይህንንም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እንበለው።

እነዚህን ሁለት ስሞች የተዋስነው ከቀድሞው የኢትዮጵያ ፓርላማ ነው። በዚያ ፓርላማ የሕግ መምሪያው አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ በሕዝብ በተመረጡበት በ1957 የፖለቲካ ፓርቲ ስላልነበረ፥ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የቆመው ለብቻው ነበር። ፓርቲ በሌለበት አገር መራጭ የወደደውን ሰው ይመርጣል እንጂ የምርጫ ማዕበል አይነሣም፤ ወገን ከሌለ ሕዝቡ ወደየት ያዘነብላል?

ወደ ቨርጂኒያ እንመለስ። የ2017 ምርጫ ሲቃረብ ከ100ው ወንበር ሪፐብሊካኖች 66ቱን፥ ዲሞክራቶች 34ቱን ይዘው ነበር። በምክር ቤቱ አብላጫ ለማግኘት የሚያስፈልገው ቍጥር 51 ስለ ሆነ፥ ዲሞክራቶች 17 ተጨማሪ ወንበሮች ያስፈልጓቸው ነበር። ኖቬምበር 7 ቀን ሕዝብ ወጥቶ ድምፁን ሰጠ። ለአገረ ገዥነት በተደረገው ውድድር የዲሞክራቲክ ፓርቲው ራልፍ ኖርተም ወደ 9 ከመቶ በሚጠጋ ልዩነት አሸነፉ። በምክር ቤቱም ወንበር በወንበር ላይ እየተከተለ ዲሞክራቶች 15 ወንበሮች ጨመሩ፤ 34 የነበረው 49 ሆነ። ሁለቱን ወገኖች እኩል ለማድረግ የቀረው አንድ ወንበር ብቻ ነበር።

ይኸውም በኒውፖርት ኒውስ ከተማ የሚገኘው 94ኛው የምርጫ ክልል ነው። በመጀመሪያው ቈጠራ በወንበሩ ላይ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ሚስተር ዴቪድ ያንሲ ተፎካካሪያቸውን ሚስስ ሼሊ ሲሞንድስን በ10 ድምፅ በለጧቸው። በዲሴምበር ወር ድምፁ እንደገና ቢቈጠር ሚስስ ሲሞንድስ 11,608፥ ሚስተር ያንሲ 11,607 ሆነው ተገኙ። ከ23,000 በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ክልል የልዩነቱ መጠን አንድ ሰው ነበር። በዚያችም ሌሊት የምክር ቤቱ ቍጥር 50 ለ50 ሆኖ አደረ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በማግሥቱ ሦስት ዳኞች አንድ አጠራጣሪ የድምፅ መስጫ ወረቀት መረመሩ። መራጩ በሁለቱም ተወዳዳሪዎች ስም አጠገብ ያለውን ክብ አጥቍሮ፥ በሚስስ ሲሞንድስ ክብ ላይ ደግሞ ጭረት አድርጎበት ነበር። ዳኞቹ ጭረቱ ስረዛ ነው፥ ስለዚህ ድምፁ የሚስተር ያንሲ ነው ሲሉ ፈረዱ። ውጤቱም 11,608 ለ11,608 ሆነ። በቨርጂኒያ ሕግ ድምፅ እኩል ሲሆን አሸናፊው በዕጣ ይለያል። ስለዚህ ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የምርጫ ሹማምንት በሪችመንድ ተሰብስበው፥ ሁለቱን ስሞች በሁለት ትናንሽ የፎቶግራፍ ፊልም መያዣዎች ከተው፥ በአንድ የሸክላ ጐድጓዳ ሳሕን ውስጥ ጨመሯቸው። እንደ ዕቁብ ዕጣ አንደኛው ወጣ፤ ቢከፈትም የሚስተር ያንሲ ስም ነበር። ምክር ቤቱም 51 ለ49 ሆኖ በሪፐብሊካኖች እጅ ቀረ።

አንባቢ ሆይ፥ ማዕበሉ የነበረ መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም፤ ነገር ግን ግድቡን ለማለፍ የጣት ጥፍር ያህል ጐደለው። ከዚያ ክልል አንድ ሰው ዝናብ ፈርቶ፥ ወይም ልጁ ታሞበት፥ ወይም «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትረባለች» ብሎ በቤቱ ቀርቶ እንደ ሆነ፥ የመቶ ወንበሮችን ሚዛን ያዘነበለ እርሱ ነው።

ጥቂት ድምፅ ብዙ ወንበር የሚያንቀሳቅሰው እንዴት ነው? በሒሳብ እናስረዳ። 100 መንደሮች አሉ፥ በእያንዳንዱም 1,000 መራጮች ይኖራሉ፥ እያንዳንዱ መንደር አንድ እንደራሴ ይልካል እንበል። ከመንደሮቹ በ15ቱ አንደኛው ወገን 520 ለ480 ያሸንፋል። በሚቀጥለው ምርጫ በየመንደሩ 30 ሰዎች ብቻ ሐሳባቸውን ቢለውጡ፥ በእነዚያ መንደሮች ውጤቱ 490 ለ510 ይሆናል፤ 15ቱም ወንበሮች በአንድ ጊዜ ይገለበጣሉ። ከመቶ ሰው ሐሳቡን የለወጠው ሦስት ብቻ ነው፤ ከመቶ ወንበር የተለወጠው ግን 15 ነው። እንግዲህ ማዕበል የሚባለው የሕዝብ ሁሉ መለወጥ አይደለም፤ የጥቂቶች መለወጥ በአንድ ቀን፥ በሁሉ ሥፍራ፥ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆን ነው።

ነገር ግን ማዕበልን የሚያቆሙ ሦስት ግድቦች አሉ። አንደኛው የወሰን መሥመር ነው። ገበሬ የጐረቤቱን ድንበር በሌሊት እንደሚገፋ፥ ሥልጣን የያዘ ወገንም የምርጫ ክልሎችን ወሰን ለራሱ እንዲመቸው አድርጎ ያሰምራል። በ1812 የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበሩት ኤልብሪጅ ጌሪ እንዲህ ያለውን ካርታ ቢያጸድቁ፥ ከክልሎቹ የአንደኛው ቅርጽ ሳላማንደር የሚባለውን እንሽላሊት መሰል ፍጥረት መሰለ፤ የሰውዬውን ስም ከእንስሳው ስም ጋር ያጋጠመ መጠሪያም ወጣለት፤ አሜሪካኖች እስከ ዛሬ ድረስ እንዲህ ያለውን ሥራ በዚያ ስም ይጠሩታል።

በ2012 በፔንሲልቬንያ ለዋሽንግተኑ ምክር ቤት በተደረገው ምርጫ ዲሞክራቶች በጠቅላላው ከሪፐብሊካኖች ጥቂት የበለጠ ድምፅ ሲያገኙ፥ ከ18ቱ ወንበሮች የደረሷቸው ግን 5 ብቻ ነበሩ። በ2018 የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያንን ካርታ አፍርሶ በሌላ ቢተካው፥ በዚያው ዓመት ሁለቱ ወገኖች ዘጠኝ ዘጠኝ ተካፈሉ። ድንበር የሚገፋ አንድ ወገን ብቻ አይደለም፤ በ2019 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተመለከታቸው ሁለት ክሶች አንደኛው በሰሜን ካሮላይና ሪፐብሊካኖች፥ ሁለተኛው በሜሪላንድ ዲሞክራቶች ያሰመሩትን ካርታ የሚቃወም ነበር። ፍርድ ቤቱም ለፓርቲ ጥቅም ተሰመረ የሚባልን ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት አይችሉም ሲል ወሰነ።

ሁለተኛው ግድብ ጊዜ ነው። በቨርጂኒያ በ2017 የሕግ መወሰኛው አባላት የሥራ ዘመን ገና ስላላለቀ፥ ሕዝቡ ቢፈልግም ባይፈልግም የእነርሱን ወንበር ሊነካ አይችልም ነበር። በዋሽንግተንም እንደዚሁ ነው። የሕግ መምሪያው 435 አባላት ሁሉ በየሁለት ዓመቱ ለምርጫ ይቀርባሉ፤ ከሕግ መወሰኛው 100 አባላት ግን በአንድ ጊዜ የሚቀርበው ሲሦው ያህል ነው። ስለዚህ በ2018 ዲሞክራቶች በሕግ መምሪያው 40 ወንበሮች ጨምረው ሥልጣኑን ሲይዙ፥ በዚያው ቀን በሕግ መወሰኛው 2 ወንበሮች ቀነሱባቸው። ሕዝቡ አንድ፥ ቀኑም አንድ ሲሆን፥ ውጤቱ ግን ሁለት ሆነ።

ሦስተኛው ግድብ መለያየት ነው። ለዚህ ምሳሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም፤ ጐረቤታችን ኬንያ ትበቃለች። በ1992ና በ1997 ለፕሬዚዳንትነት በተደረጉት ምርጫዎች ዳንኤል አራፕ ሞይን የተቃወሙት ተወዳዳሪዎች በጠቅላላው ያገኙት ድምፅ ከእርሳቸው የበለጠ ነበር፤ ድምፁ ግን በአያሌ ተወዳዳሪዎች መካከል ስለ ተበተነ ሞይ ሁለት ጊዜ አሸነፉ። በ2002 ተቃዋሚዎቹ በአንድ ጥላ ሥር ሆነው ምዋይ ኪባኪን አቀረቡ። በዚያ ዲሴምበር ኪባኪ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ኅብረታቸውም ሕዝብ ከሚመርጣቸው 210 የፓርላማ ወንበሮች 125ቱን ወሰደ። አገሪቱ ነጻ ከወጣችበት ከ1963 ጀምሮ የገዛው ካኑ የተባለው ፓርቲ ከሥልጣን ወረደ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሏል እንዲህ ነው።

ግድቦቹ ሲጣሱ ደግሞ ማዕበሉ የሚያስደንቅ ሥራ ይሠራል። በ1994 ሪፐብሊካኖች በዋሽንግተኑ የሕግ መምሪያ 54 ወንበሮች ጨምረው፥ ዲሞክራቶች ለ40 ዓመታት ሳያቋርጡ የያዙትን ምክር ቤት ወሰዱ። አፈ ጉባኤው ቶም ፎሊ እንኳ በገዛ ክልላቸው ተሸነፉ፤ በሥራ ላይ ያለ አፈ ጉባኤ እንዲህ ሲሸነፍ ከ1862 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። በካናዳ ደግሞ በ1988 ምርጫ 169 ወንበሮች አግኝቶ ያሸነፈው የፕሮግረሲቭ ኮንሰርቫቲቭ ፓርቲ፥ በ1993 ምርጫ ከ295 ወንበሮች ሁለት ብቻ ቀሩት። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኪም ካምቤልም ወንበራቸውን አጡ።

ከዚህ ሁሉ ለቤተ ሰብ የሚተርፈው ምንድን ነው? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለ ወንበር መቍጠር ብቻ ብንጽፍ የልጆች ጨዋታ ይሆንብናል። በቨርጂኒያ ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ ሰዎች የሕክምና ወጪያቸውን መንግሥት እንዲከፍልላቸው የሚያደርገው ሜዲኬይድ የተባለው አገልግሎት እንዲስፋፋ ብዙ ዓመት ክርክር ነበር፤ የሕግ መምሪያውም ሳይቀበለው ቆይቷል። ከ2017 ምርጫ በኋላ ግን በሥልጣን የቀሩት ሪፐብሊካኖች የሕዝቡን ፊት አይተዋልና፥ በ2018 መጀመሪያ ከእነርሱ 19ኙ ከዲሞክራቶች ጋር ሆነው ሐሳቡን ደገፉ። ሕጉ በዚያው ዓመት በጁን ወር ተፈረመ፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮም ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች በአገልግሎቱ ለመጠቀም መብት አገኙ።

እንግዲህ ይህን እናስተውል። ማዕበሉ ወንበሩን አልገለበጠም፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጡትን ሰዎች ልብ ግን አንቀሳቀሰ። በአንዲት ድምፅና በአንድ ዕጣ የቀረው ሥልጣን፥ ከቀድሞው ሥልጣን ጋር ስሙ አንድ ሆኖ ሥራው ሌላ ሆነ። ለሕክምና የሚከፍለው የሌለው አባት፥ ወይም መድኃኒት መግዛት ያቃታት እናት፥ ምክር ቤቱ 51 ለ49 መሆኑን ላያውቁ ይችላሉ፤ የሐኪም ቤት በር መከፈቱን ግን ያውቃሉ።

ሥልጣኑም ቢሆን ከሁለት ዓመት በላይ በነበረበት አልቆየም። በ2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት በቨርጂኒያ 11 የምርጫ ክልሎች የተሰመሩት ሕገ መንግሥት በማይፈቅደው የዘር መለያ ነው ብሎ ስለ ፈረደ፥ የ2019 ምርጫ የተደረገው ወሰኑ በተስተካከለ ካርታ ነበር። በዚያ ምርጫ ዲሞክራቶች የሕግ መምሪያውን 55 ለ45፥ የሕግ መወሰኛውን 21 ለ19 ያዙ። በዕጣ የተሸነፉት ሚስስ ሲሞንድስም ከሚስተር ያንሲ ጋር እንደገና ተወዳድረው በድምፅ አሸነፉ። ነገር ግን ውኃ እንደ ወጣ አይቀርም፤ በ2021 ሪፐብሊካኖች የሕግ መምሪያውን 52 ለ48 መልሰው ወሰዱት፤ በ2023 ደግሞ ዲሞክራቶች 51 ለ49 አስመለሱት። ዛሬ ያሸነፈ ነገ እንደሚፈተን ካወቀ፥ ተሸናፊውን በአክብሮት ይመለከተዋል፤ ተሸናፊውም ሁለት ዓመት ታግሦ ይመለሳል እንጂ ዱላ አያነሣም። የምርጫ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለናል።

በመጨረሻ ይህን ዓምድ ለሚያነቡ ሹማምንት አንድ ቃል እንጨምር። ማዕበል ሲመጣ እንደራሴዎች ይለወጣሉ፤ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ያለው ሥራ ግን ለአንድ ቀን እንኳ ሊቋረጥ አይገባውም። የልደት ወረቀት ይጻፋል፥ ደመወዝ ይከፈላል፥ የሐኪም ቤት መድኃኒት ይታዘዛል። በቨርጂኒያ ሁለቱም ወገኖች በመጨረሻ ውጤቱን የተቀበሉት በምን ምክንያት ይመስላችኋል? ድምፅ ቈጣሪዎች ከ23,000 ወረቀቶች መካከል አንዷን እንኳ ሳይንቁ ደጋግመው ስለ ቈጠሯት፥ ዳኞችም በአደባባይ ስለ መረመሯት፥ ዕጣውም በሰው ሁሉ ፊት ስለ ወጣ ነው። ምክር ቤትን የሚገለብጠው ሕዝብ ነው፤ መገለባበጡን በሰላም የሚያሻግረው ግን ወረቀቱን በንጹሕ እጅ የሚይዘው ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት ከጠረጴዛዎ ላይ አንድ ወረቀት ሲያነሡ፥ «ይህች አንድ ናት» ብለው አይናቋት። እንዲህ ላለው ሹም «ሹመት ያዳብር» ብንል መልካም ምኞታችን በከንቱ አይወድቅም።

ከዚህ ሳምንት ንባብ የሚያዙ ቃላት የሚከተሉት ናቸው። አብላጫ፦ ከግማሽ በላይ የሆነ ቍጥር። እንደራሴ፦ ስለ ሌላው ሆኖ የሚናገርና የሚሠራ ሰው፤ «እንደ ራሴ ነው» ከማለት የመጣ ቃል ነው። ውክልና፦ ለእንደራሴው የሚሰጠው ሥልጣን። አዘነበለ፦ ወደ አንድ ጐን አጋደለ፤ ለሚዛንም ለሐሳብም ይነገራል። ገለበጠ፦ ላዩን ታች አደረገ። ጠያቂያችንም እነዚህን አምስት ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር አገናኝተው ቢጽፉልን ደስ ይለናል።